የተኛ ሊስቴሪያ የአንጀት ሴል ውስጥ ይገባል? የ20 ሳምንት የላብ (ላቦራቶሪ) ማስታወሻ

ሳምንት 0

ጥያቄው ይሄ ነው። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ በክሎሪን ወይም በረሃብ ሲጎዳ ይተኛል። ሳህን ላይ አይበቅልም፤ ግን አልሞተም። እንዲህ የተኛ ሊስቴሪያ የሰው አንጀት ሴል ውስጥ መግባት ይችላል? ከገባስ ይነቃል?

ለምን እንደሚያሳስበኝ ባጭሩ ልጻፍ። የምግብ ምርመራ ዛሬም በአብዛኛው የሚሠራው በማብቀል ነው። ናሙናው አጋር በሚባል የረጋ የባክቴሪያ ምግብ ላይ ይዘራል፣ ኢንኩቤተር ይገባል። ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምችት) ከወጣ ባክቴሪያ አለ፣ ካልወጣ የለም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1982 ግን ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሪታ ኮልዌል ቡድን አንድ ነገር አሳየ። የኮሌራ ባክቴሪያና ኢ. ኮላይ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲቆዩ ሳይሞቱ መብቀል ያቆማሉ። ቪቢኤንሲ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ በሕይወት ያሉ ግን የማይበቅሉ። በ1996 በታተመው ሥራቸው ደግሞ ፈቃደኛ ሰዎች የተኛ ኮሌራ ጠጥተው፣ ከሰገራቸው የሚበቅል ኮሌራ ተገኘ። ሰው አንጀት ውስጥ ነቅቷል ማለት ነው።

ሊስቴሪያን የመረጥኩት ፍሪጅ ውስጥ ጭምር ስለሚራባና ነፍሰ ጡሮችን ስለሚጎዳ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ2017 እና 2018 ፖሎኒ በሚባል የተዘጋጀ ሥጋ ምክንያት ከ1,000 በላይ ሰው ታሞ ከ200 በላይ ሞቷል። ከታመሙት ብዙዎቹ ጨቅላ ሕፃናት ነበሩ።

እማዬ ከአዲስ አበባ ደውላ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «እኔ ሰላጣውን በበረኪና እዘፈዝፈዋለሁ፤ አይበቃም እንዴ?» አለች። «ይቀንሰዋል እማዬ። ሁሉንም ይገድላል ወይ የሚለውን ነው የማየው» አልኳት። «እና እስክታውቅ ምን ልብላ?» አለችኝ። የበሰለ፣ አልኳት። ሊስቴሪያ 70 ዲግሪ ላይ 2 ደቂቃ ከቆየ አለቀለት። ሰላጣ ግን አይቀቀልም። ጥያቄዋ ልክ ነው።

ሳምንት 1

ባክቴሪያው ኢጂዲ-ኢ የሚባለው ዝርያ ነው። ጂኖሙ በ2001 ተነቧል፣ ብዙ ላብ ይጠቀምበታል። ቢኤችአይ በሚባለው ሾርባ በ37 ዲግሪ ያድራል።

የማስተኛው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ክሎሪን ነው፤ በደቂቃዎች ያልቃል። ሁለተኛው የታሸገ ማዕድን ውሃ ነው፤ ባክቴሪያው ምግብ በሌለበት ይቀመጥና ቀስ በቀስ መብቀል ያቆማል። እሱ አንድ ወር ገደማ ስለሚፈልግ ዛሬውኑ ጀመርኩት። ውሃውን በ0.22 ማይክሮን ፊልተር አጣርቼ በ6 ጠርሙስ ከፈልኩ፣ የታጠበ ባክቴሪያ ጨመርኩ፣ መደርደሪያ ላይ በክፍሉ ሙቀት አስቀመጥኩ። በየሳምንቱ ሰኞ እዘራለሁ።

አንድ የላባችን ባልደረባ ነፍሰ ጡር ናት። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነገርኳት፤ ጠረጴዛዋ ወደ ሌላ ፎቅ ተዛወረ። ሊስቴሪያ የሚከፈተው በአንድ የደህንነት ካቢኔት (አየር በሚያጣራ የሥራ ሳጥን) ውስጥ ብቻ ነው፤ ቀይ ቴፕ ለጠፍኩበት። ይሄንን ከሁሉ በፊት መጻፍ ነበረብኝ።

ሳምንት 2

ክሎሪኑ አልሠራም። 5 ፒፒኤም (በሊትር 5 ሚሊግራም) ላይ ምንም አልሆኑም። 10 ላይም። 20 ላይም ያው። ከዚያ 40 ላይ ሁሉም በአንዴ ሞቱ። የሚተኙበት መሃል ያለ መጠን አጣሁ።

ሦስት ቀን ፈጅቶብኝ ጥፋቱን አገኘሁት። ባክቴሪያውን ከሾርባው ያጠብኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የቀረው ሾርባ ክሎሪኑን ይበላዋል። ክሎሪን የሚያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ያጠቃል፤ ባክቴሪያ ይሁን ሾርባ አይለይም። ዲፒዲ በሚባለው ዱቄት ስለካው፣ 20 ብዬ የጨመርኩት በ1 ደቂቃ ውስጥ ከ2 በታች ወርዷል። ሰላጣ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥም የሚሆነው ይሄው ነው። አፈርና የቅጠል ጭማቂ ሲበዛ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ገንዳው ውስጥ ያለው ይለያያል።

ከዚህ በኋላ ሦስት ጊዜ አጥባለሁ። ክሎሪኑን ከመጨመሬ በፊትም ከጨመርኩ በኋላም እለካለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ በሶዲየም ታዮሰልፌት አቆመዋለሁ። ዋናው ክሎሪን በጥቁር ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ በየሳምንቱ ይቀየራል። ብርሃን ያደክመዋል።

ሳምንት 3

አሁን መጠኑ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። በዲፒዲ ተለክቶ 12 ፒፒኤም፣ 3 ደቂቃ። ሳህኑ ላይ ኮሎኒ ዜሮ። ማይክሮስኮፕ ስር ብዙ አረንጓዴ ባክቴሪያ።

ግን የዘራሁት ሊስቴሪያ ለመለየት በሚሠራው መራጭ አጋር ላይ ነበር። እሱ ውስጥ ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚከለክል መድኃኒት አለ። ጤነኛ ሊስቴሪያ ይችለዋል፤ የቆሰለ ግን አይችለውም። ያንኑ ናሙና ተራ ቢኤችአይ አጋር ላይ ስዘራው በሚሊሊትር 4,000 ገደማ ኮሎኒ ወጣ። ፓይሩቬት ስጨምርበት ደግሞ 11,000 ሆነ። ፓይሩቬት አጋሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ፐርኦክሳይድ ስለሚያጠፋ የቆሰለው ይተርፋል።

የተኙ ያልኳቸው የቆሰሉ ነበሩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የቆሰለ ጥሩ ምግብ ሲያገኝ ያገግማል፤ የተኛ ምንም ብትሰጠው ሳህን ላይ አይነሳም። ከአሁን በኋላ «ዜሮ» የምለው ተራ አጋር ከፓይሩቬት ጋር፣ 5 ቀን በ37 ዲግሪ ተቀምጦ ምንም ካልወጣ ብቻ ነው።

ሳምንት 4 እና 5

ክሎሪኑን ወደ 18 ፒፒኤም፣ 5 ደቂቃ ከፍ አደረግኩ። በአዲሱ መስፈርት ዜሮ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ዜሮ።

ታዲያ በሕይወት እንዳሉ በምን አውቃለሁ? የተለመደው ባለሁለት ቀለም ኪት ነው፤ 430 ዩሮ ከፈልኩበት። አረንጓዴው ቀለም ሁሉም ባክቴሪያ ውስጥ ይገባል። ቀዩ የሚገባው ሽፋኑ የተቀደደው ውስጥ ብቻ ነው። ከ100 ውስጥ 60 ገደማ አረንጓዴ ናቸው።

እዚህ ጋ ተጠራጠርኩ። ሽፋን አልተቀደደም ማለት በሕይወት አለ ማለት ነው? በካቢኔቱ ዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት የገደልኳቸውን በዚያው ኪት አየኋቸው። እነሱም አረንጓዴ ናቸው። ዲኤንኤያቸው ተበላሽቶ ሽፋናቸው ደህና ነው። ስለዚህ ኪቱ ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛ ማስረጃ ፈለግኩ። በ1979 ኮጉሬ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያወጡት ዘዴ አለ። ባክቴሪያው ትንሽ ምግብ ይሰጠዋል፤ ከምግቡ ጋር መከፋፈልን የሚከለክል መድኃኒት ይጨመራል። በሕይወት ያለው ይበላል፣ ያድጋል፣ ግን መከፈል ስላልቻለ ረጅም ሆኖ ይቀራል። ረጅሞቹን መቁጠር ነው። ዘዴው ናሊዲክሲክ አሲድ ይላል። መጀመሪያ ጤነኛው ላይ ጨመርኩ፤ ሁሉም እንደ ድሮው ተከፋፈሉ። ለካ ሊስቴሪያ ናሊዲክሲክ አሲድን በተፈጥሮው ይቋቋማል! በሲፕሮፍሎክሳሲን ተካሁት፣ ሠራ። ከተኙት 100 ውስጥ 18ቱ ረዘሙ። በዩቪ ከሞቱት አንድም አልረዘመም።

ስለዚህ የእኔ ቁጥር 60 ሳይሆን 18 ነው።

የማዕድን ውሃው ጠርሙሶች ደግሞ በየሰኞው እየቀነሱ ነው። 4ኛው ሳምንት ላይ በሚሊሊትር ጥቂት አስር ኮሎኒ ቀርቷል። 5ኛው ላይ ከ6 ጠርሙስ በ4ቱ ዜሮ።

ሳምንት 6

ወደ አንጀት ሴሉ። ካኮ-2 ይባላል። በ1970ዎቹ ኒውዮርክ ስሎን-ኬተሪንግ ውስጥ ዮርገን ፎግ የትልቁ አንጀት ካንሰር ከነበረባቸው የ72 ዓመት ሰው ዕጢ ያወጣው ነው። የካንሰር ሴል ቢሆንም ሲያድግና ሲጠጋጋ የትንሹን አንጀት ሽፋን ይመስላል። ለዚህ ነው ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት።

ሰው መሆኑም ወሳኝ ነው። ሊስቴሪያ ወደ አንጀት ሴል የሚገባው ኢንተርናሊን ኤ በሚባል ፕሮቲን ነው። ይሄ ፕሮቲን ሴሉ ላይ ያለውን ኢ-ካድሄሪን ይይዛል። አይጥም ኢ-ካድሄሪን አለው፤ ነገር ግን 16ኛው አሚኖ አሲድ ስለሚለይ ቁልፉ አይገጥምም። ተራ አይጥ ላይ ብሞክር ኖሮ «አይገባም» የሚል የተሳሳተ መልስ አገኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ ባዶ ወጣ። ጤነኛው ሊስቴሪያ ራሱ አልገባም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሴሉ ምግብ ውስጥ ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን አለ። ባክቴሪያዎቼን እዚያው ገድያቸዋለሁ። ከሙከራው 24 ሰዓት በፊት አንቲባዮቲክ ወደሌለው ምግብ መቀየርና ሁለት ጊዜ ማጠብ ያስፈልጋል። ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

ሳምንት 7 እስከ 10

ካኮ-2 ሙሉ በሙሉ አንጀት እስኪመስል 21 ቀን ይፈልጋል። ጠበቅኩ። በየሁለት ቀኑ ምግብ መቀየር፣ ቅዳሜም እሁድም። የሴረም አንድ ጠርሙስ 310 ዩሮ፣ ሴሎቹ የሚያድጉባቸው ማስገቢያዎች ደርዘኑ 95 ዩሮ። የፋሲካ ቀን ከቅዳሴ ቀጥታ ላብ ሄጄ ምግብ ቀይሬ ነው ለዶሮው የደረስኩት።

21ኛው ቀን ደረሰ። ሴሎቹ ያምራሉ። ጤነኛውን ሊስቴሪያ ጨመርኩ። የገባው በጣም ጥቂት ነው። በ4 ቀን ሴል ላይ ከሚገባው አሥር እጥፍ ያንሳል።

እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። ችግሩ ያለው ከኢ-ካድሄሪን ቦታ ነው። ሴሎች እርስ በርስ የሚያያዙበት ፕሮቲን ስለሆነ ጎንና ጎናቸው ላይ፣ ከጥብቅ መጋጠሚያው በታች ይቀመጣል። ሽፋኑ በደንብ ሲዘጋ ከላይ የሚመጣው ባክቴሪያ አያገኘውም። እውነተኛ አንጀት ውስጥም ሊስቴሪያ የሚገባው አሮጌ ሴሎች ተገፍተው በሚወድቁበትና ንፍጥ አመንጪ ሴሎች ባሉበት፣ መጋጠሚያው ለአፍታ በሚላላበት ቦታ ነው። 21 ቀን የጠበቅኩት ሴል ለአንጀቱ ይበልጥ የቀረበ ነው፤ ለእኔ ጥያቄ ግን ትንሽ ምልክት ነው የሚሰጠኝ። የተኙት ከጤነኛው ያነሰ ከገቡ ጭራሽ አላያቸውም።

ወሰንኩ። በ4 ቀን፣ ገና ባልተዘጋ ሴል እሠራለሁ። መልሴ «በሩ ክፍት ሲሆን ይገባሉ ወይ» ለሚለው ብቻ እንደሆነ አውቄ።

አንድ ወር ሄደ።

ሳምንት 11

የጄንታማይሲን ነገር። ይሄ ክፍል ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፣ ስለዚህ ዘርዘር አደርገዋለሁ።

ባክቴሪያ ሴል ውስጥ መግባቱን ለማየት የተለመደው መንገድ እንዲህ ነው። ባክቴሪያውን ከሴሉ ጋር 1 ሰዓት ታቆየዋለህ። ከዚያ ጄንታማይሲን ትጨምራለህ። መድኃኒቱ የሰውን ሴል በቀላሉ ስለማያልፍ ውጭ የቀረውን ይገድላል፣ ውስጥ የገባው ይተርፋል። ሴሉን ታፈነዳዋለህ፣ ውስጡን ሳህን ላይ ትዘራለህ፣ ኮሎኒ ትቆጥራለህ።

ለእኔ ሁለት ቦታ ላይ ይሰበራል። መጨረሻው ግልጽ ነው፤ የተኙት ሳህን ላይ ስለማይበቅሉ ኮሎኒ መቁጠር አይቻልም። ለዚያ ዲኤንኤውን በፒሲአር ልቆጥር አስቤ ነበር። መካከሉን ግን አላሰብኩትም። ጄንታማይሲን ባክቴሪያው ውስጥ ለመግባት የባክቴሪያው ሽፋን ኃይል ያስፈልገዋል። ባክቴሪያው ሲተኛ ያ ኃይል ይወርዳል። ስለዚህ ውጭ ያለውም የተኛ ባክቴሪያ ከጄንታማይሲኑ ይተርፋል!

አረጋገጥኩት። የተኙትን ያለ ምንም ሴል፣ በባዶ የሳህን ጉድጓድ ውስጥ፣ በሚሊሊትር 50 ማይክሮግራም ጄንታማይሲን 1 ሰዓት አቆየኋቸው። ከዚያ የማርዘሙን ሙከራ ሠራሁ። ከ18ቱ 15ቱ አሁንም ረዘሙ። ጄንታማይሲኑ አልነካቸውም ማለት ይቻላል። በዚህ ዘዴ ብቀጥል ውጭ የተጣበቀውን ሁሉ «ገባ» ብዬ እቆጥር ነበር።

ሳምንት 12

ጄንታማይሲኑን ተውኩት። በቀለም እለያለሁ። ሴሉ ሳይበሳ የሊስቴሪያ አንቲቦዲ (ሊስቴሪያን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ከቀይ ቀለም ጋር እጨምራለሁ፤ ውጭ ያሉት ብቻ ይቀላሉ። ከዚያ ሴሉን ትራይተን በሚባል ሳሙና በስቼ ያንኑ አንቲቦዲ ከአረንጓዴ ጋር እጨምራለሁ። ውጭ ያለው ሁለቱንም ይይዛል፣ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ብቻ። አንቲቦዲው 385 ዩሮ። ቆጠራው በዓይን ነው፤ ናሙናዎቹን ባልደረባዬ ቁጥር ሰጥታ ትደብቅልኛለች፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳላውቅ እቆጥራለሁ።

በ100 የአንጀት ሴል ውስጥ የገባ፣ የ3 ሙከራ አማካይ፦ ጤነኛ 41። በክሎሪን የተኛ 6። በሙቀት የሞተ 0።

በዚያ ቀን ማታ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። የተኛ ይገባል፣ የሞተ አይገባም። አለቀ አልኩ።

ጠዋት ላይ አላረፍኩም። በሙቀት የሞተ ባክቴሪያ ፕሮቲኑም ተበላሽቷል። ኢንተርናሊን ኤ የለውም ማለት ነው። እሱን ከተኛው ጋር ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም። ኢንተርናሊን የተቀባ የፕላስቲክ ቅንጣት እንኳ ኢ-ካድሄሪን ያለው ሴል ውስጥ እንደሚገባ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ፕላስቲክ ከገባ፣ ሬሳም ቁልፉ ካልተነካበት ይገባል።

በዩቪ የሞቱትን አስገባሁ። በ100 ሴል 5 ሆኑ።

6 እና 5። አንድ ናቸው። መግባቱ ብቻውን ስለ ሕይወት ምንም አይነግረኝም።

ሳምንት 13 እና 14

ሴሎቹ ማይኮፕላዝማ ያዛቸው፤ የላብ ሴሎችን የሚበክል በጣም ትንሽ ባክቴሪያ ነው። የዲኤንኤ ቀለም ሳደርግ ከኒውክለሱ ውጭ ትንንሽ ነጠብጣብ አየሁ፤ ምርመራው አረጋገጠ። ሁሉም ፍላስክ ተጣለ። ኢንኩቤተሩ ታጠበ። ከናይትሮጅን ጋኑ አዲስ ቱቦ ወጣ። ሁለት ሳምንትና ወደ 200 ዩሮ። የ12ኛው ሳምንት ቁጥሮች በዚህ ሴል ላይ የተሠሩ ሊሆኑ ስለሚችሉ ኋላ በንጹሁ ደገምኳቸው፤ 38፣ 6፣ 5፣ 0 ሆኑ።

ሳምንት 15

የማዕድን ውሃዎቹ ተራ። ውሃው ውስጥ 14 ሳምንት ቆይተዋል።

በማይክሮስኮፕ ሳያቸው ቅርጻቸው ተቀይሯል። ሊስቴሪያ እንደ ትንሽ በትር ነው፤ እነዚህ ክብ ናቸው። ሴንትሪፉጅ በሚባለው ማሽከርከሪያ በ10,000 ጂ ኃይል ሳዞራቸው ግማሹ ጠፋ፤ በ3,000 ረጋ ብዬ ስሠራ ተረፉ። አንቲቦዲው ደግሞ ጨርሶ አላያቸውም። ቀለም የለም።

አንቲቦዲው ተበላሸ ብዬ ነበር፤ ጤነኛው ላይ ግን ይሠራል። መልሱ በ2024 ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ ላይ በወጣ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሥራ ውስጥ ነበር። ሊስቴሪያ ማዕድን ውሃ ውስጥ ሲተኛ የሴል ግድግዳውን አውልቆ ይጥላል። ክብ የሚሆነው ለዚያ ነው። አንቲቦዲው የሚይዘውም ግድግዳው ላይ ያለውን ነው።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ምክንያቱም ኢንተርናሊን ኤ የተተከለው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ሶርቴዝ ኤ የሚባል ኢንዛይም ግድግዳው ላይ ይሰፋዋል። ግድግዳው ሲወልቅ ቁልፉም አብሮ ይወልቃል። እንግዲህ «የተኛ ሊስቴሪያ» ብዬ የጠራኋቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በክሎሪን የተኛው ቁልፉን ይዟል። በረሃብ የተኛው ጥሎታል።

አንቲቦዲ ስለማይሠራ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ያለው ዝርያ ከጎረቤት ላብ ተበደርኩ፤ 4 ጠርሙስ እንደገና በማዕድን ውሃ ጀመርኩ። ያ ሌላ አንድ ወር ነው። እስከዚያው የክሎሪኑን እቀጥላለሁ።

ሳምንት 16 እና 17

መግባት ማስረጃ ካልሆነ ምን ማስረጃ ይሆናል? መልሱ አክቲን ነው፤ የሰው ሴል ቅርጹን የሚይዝበት ፕሮቲን።

ጤነኛ ሊስቴሪያ ከገባ በኋላ የታሰረበትን ከረጢት ሊስቴሪዮሊሲን ኦ በሚባል ፕሮቲን ቀድዶ ይወጣል። ከዚያ አክትኤ የሚባል ፕሮቲን አውጥቶ የሴሉን አክቲን በዙሪያው ይሰበስባል። መጀመሪያ እንደ ደመና ይከበዋል፣ ኋላ ጅራት ሆኖ ይገፋዋል። ይሄንን ሬሳ አያደርገውም። አዲስ ፕሮቲን መሥራት ይጠይቃል። አክቲንን የሚያቀልም ፋሎይዲን ላባችን ውስጥ አለ፣ ወጪ የለውም።

24 ሰዓት ቆይቼ አየሁ። ጤነኛው ያለበት ሴል ጅራት በጅራት ነው። በዩቪ የሞተው ባዶ። በክሎሪን የተኛው ካለባቸው 6 ስስ መስታወቶች በ2ቱ ላይ፣ አንዳንድ ቦታ፣ የአክቲን ጅራት ያላቸው ብዙ ባክቴሪያዎች በአንድ ሴል ውስጥ።

ነቅተዋል? ልቤ አዎ አለ። እጄ ግን ሌላ ነገር ማጣራት ነበረበት። እስካሁን «ዜሮ» የምለው 100 ማይክሮሊትር ዘርቼ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የምጨምረው ግን 1 ሚሊሊትር ነው። ከ1 ሚሊሊትሩ ውስጥ አንድ ሳይተኛ የቀረ ጤነኛ ቢኖር ሳህኔ ሊስተው ይችላል። አንድ ከገባ ደግሞ በ24 ሰዓት ሴሉን ይሞላዋል። በዚህ መስክ የቆየው ክርክርም ይሄው ነው፤ የተኛው ነቃ ወይስ ያልተኛ ጥቂት ተራባ?

ከዚያው ናሙና የተረፈ 10 ሚሊሊትር ነበረኝ። በፊልተር አሳልፌ ፊልተሩን አጋር ላይ አስቀመጥኩ። 3 ኮሎኒ ወጣ።

3 ኮሎኒ በ10 ሚሊሊትር። 6 መስታወት፣ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊሊትር። 2 ላይ ጅራት ማየቴ ያ ቁጥር ከሚለው ጋር ልክ ይገጥማል። አልነቁም። ያልተኙት ናቸው።

ክሎሪኑን ወደ 20 አሳድጌ እንደገና ሠራሁ። አሁን የማጣራው 50 ሚሊሊትር ነው፤ አንድ ኮሎኒ እንኳ ከወጣ ናሙናው ይጣላል። 5 ናሙና ጣልኩ፣ 2 ቀረ። የሚረዝሙት ወደ 11 ወረዱ። 12 መስታወት፣ 24 ሰዓት፦ በ100 ሴል 5 ገብተዋል፣ አክቲን ያለው የለም። 72 ሰዓት፦ የለም።

በክሎሪን የተኛው ይገባል፣ ካኮ-2 ውስጥ ግን በ3 ቀን አይነቃም። ይሄን በእርግጠኝነት ጻፍኩ።

ሳምንት 19

የሚያበሩት የማዕድን ውሃ ሊስቴሪያዎች ደረሱ። 4 ጠርሙስ፤ ከእያንዳንዱ 100 ሚሊሊትር ተጣርቶ ዜሮ ኮሎኒ። ክብ ናቸው፣ ያበራሉ። ካኮ-2 ላይ ጨመርኳቸው። ውስጥ የገባ፦ ዜሮ። በ300 ሴል ውስጥ ዜሮ። እንደጠበቅኩት፤ ቁልፍ የላቸውም።

አማካሪዬ «ታዲያ አደገኛ አይደሉም ብለህ ጻፍ» አሉኝ። አልተስማማሁም። ካኮ-2 አንድ ዓይነት ሴል ነው፣ ሆድ ግን ብዙ ነገር ነው። የፈረንሳዮቹ ሥራም፣ ከዚያ በፊት የነበሩትም፣ እነዚህ የሚነቁት ሽል ባለበት የዶሮ እንቁላል ውስጥ መሆኑን ያሳያሉ። እንዲሞከር ጠየቅኩ። «ሁለት ሳምንት አለህ» አሉ።

ሳምንት 20

ከእርባታ 24 የተዳቀለ (ሽል የሚይዝ) እንቁላል ገዛሁ፣ አንዱ 1.20 ዩሮ። ያልተዳቀለ 10 ደግሞ ከሱቅ። ተፈልፋይ እንቁላል በኢንኩቤተር ውስጥ ማዞር እንዳለብኝ አላወቅኩም፤ የመጀመሪያዎቹ 4 ሞቱ። 6ኛው ቀን ላይ በጨለማ ክፍል በብርሃን አየኋቸው፤ የደም ሥሩ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋውን 16 መረጥኩ። 10ሩ ላይ የተኛውን፣ 3ቱ ላይ ባዶ ማዕድን ውሃ፣ 3ቱ ላይ በዩቪ የሞተ በመርፌ ወደ አስኳሉ ጨመርኩ። ያልተዳቀሉት 10 ሁሉም የተኛውን አገኙ።

ከ2 ቀን በኋላ አስኳሉን ዘራሁ። ባዶ ውሃ፦ ዜሮ። በዩቪ የሞተ፦ ዜሮ። ያልተዳቀለ እንቁላል፦ ከ10ሩ ዜሮ። ሽል ያለበት፦ ከ10ሩ በ4ቱ ኮሎኒ። በዩቪ መብራት ስር ያበራሉ፣ የእኔው ናቸው። በማይክሮስኮፕ በትር ሆነዋል። ግድግዳቸውን መልሰው ለብሰዋል።

ጥቂት ያልተኙ ቀርተው ቢሆን ኖሮ ያልተዳቀለው እንቁላል ውስጥም ይራቡ ነበር፤ አስኳል ለሊስቴሪያ ጥሩ ምግብ ነው። አልተራቡም።

ዛሬ ጠዋት ከ4ቱ እንቁላሎች የወጡትን ካኮ-2 ላይ ጨመርኩ። ናሙናውን እንደተለመደው ባልደረባዬ ደበቀችልኝ። ከሰዓት በኋላ ቆጠርኩ፣ ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ከዚያ መለያውን ገለጥን።

በ100 ሴል 37። ከመተኛቱ በፊት ከነበረው ጤነኛ ጋር አንድ ነው።

የ4ቱን ቱቦ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጫለሁ፣ ሁለተኛ መደርደሪያ፣ ሰማያዊ ሳጥን። ቀጣዩ በክሎሪን የተኛውን እንቁላል ውስጥ መሞከር ነው። 30 እንቁላል አዝዣለሁ፣ ሐሙስ ይደርሳል። በቀን ሦስቴ ይዞራሉ።